የጀርሜን ረጅም ጠመንጃ

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 19

ጠዋት ብርድ ነበር። ብርድ የሚከለክሉትን የክረምት ድርብ መስኮቶች መግጠም ጀመርኩ፤ አራት ቀሩኝ። ለምሳ የትናንቱን የአተር ሾርባ አሞቅኩ። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ተመስገን።

ከሰዓት በኋላ ኮሌት መጣች። የወተት ቦቴዋን መንገድ ዳር አቁማ፣ ሞተሩን እንኳ ሳታጠፋ። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የአባቷን በር ግን አንኳኩታ አታውቅም። ቆማ ዳቦ እየገመጠች፣

«አባ፣ ዘንድሮ አደን እገባለሁ።»

«ትቀልጃለሽ።»

«በእማዬ ጠመንጃ።»

የሚስቴ የጀርሜን ጠመንጃ እሷ ከሞተች ጀምሮ ከቁም ሳጥኑ አልወጣም። ሁለት ዓመት ከአምስት ወር። መጀመሪያ የአባቷ ነበር፣ ከዚያ የእሷ ሆነ። አፈሙዙ ብቻ ሃያ ስድስት ኢንች ነው። እሷ በሱ የፖም ዛፎቹ ጥግ ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጫካ ገብቼ የአጋዘን ዱካ እከተላለሁ። አርባ አንድ ዓመት እንደዚያ።

«እናትሽ ቦታ ትቀመጫለሽ?»

«አልቀመጥም። እንዳንተ ዱካ እከተላለሁ።»

«እንግዲያው ይረዝምብሻል። ጥዱ ውስጥ ሃያ ስድስት ኢንች ይዘሽ… ከቅርንጫፍ ጋር ስትታገይ ነው የምትውይው። ወደ ሃያ እቆርጥልሻለሁ።»

«አትቸኩል ብቻ፣ አባ።» ሄደች።

ልጄ አደን ልትገባ ነው። እስከ ማታ ለብቻዬ ፈገግ ስል ቆየሁ። ጀርሜን ሰምታ ይሆን? ትሰማለች ብዬ ነው የማምነው።


እሑድ፣ ሴፕቴምበር 22

ከቅዳሴ በኋላ ሬጂስ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። የጀርሜን ታላቅ ወንድም ነው፤ ሰባ አራት ዓመቱ፣ ድምፁ ግን የሠላሳ ዓመት ሰው ድምፅ ነው።

«አንተ ሃያ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። እንደዚያ ነው የሚጠሩኝ። አርባ ዓመት ማሽን ቤት፣ ብረት እያሽከረከረ በሚቆርጠው ቶርኖ ላይ ሠርቻለሁ፤ ጡረታ ስወጣ ደግሞ ምድር ቤቴ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቶርኖ አቆምኩ። የመንደሩ ሰው ጠመንጃው ሲረዝምበት ወደኔ ያመጣል፤ እኔም ሃያ ኢንች ላይ እቆርጣለሁ። ለጫካ ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም አያስፈልግም ባይ ነኝ። ስሙ ደስ ይለኛል። ምን እደብቃለሁ፣ ይህን የሚያነብ የለም።

«የአባቴን ጠመንጃ ልትቆርጥ ነው አሉ።»

«ለኮሌት ነው።»

«ስድስት ኢንች ስትቆርጥለት ጥይቱ ስንት ፍጥነት እንደሚያጣ ታውቃለህ?»

«በሰከንድ መቶ ሃምሳ ጫማ ቢያጣ ነው። ስልሳ እርምጃ ላይ የቆመ አጋዘን ልዩነቱን በምን ያውቃል?»

«አጋዘኑ አያውቅም። አባቴ ግን ያውቃል።»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ወጋኝ። ሲሄድ ዞር ብሎ፣ «ካበላሸኸው የአደን ጎጆዬን ደጃፍ አትረግጥም። ወንድሜ ብትሆንም አትረግጥም» አለ። ይህን ሲል አልሳቀም።


ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 28

ጠመንጃውን ወደ አሸዋው ጉድጓድ ወስጄ ተኮስኩ። ከረጢት ላይ አስደግፌ፣ ተረጋግቼ፣ በመቶ እርምጃ። አምስት ጥይት። ወረቀቱ ላይ የእራት ሳህን ያህል ተበታተኑ። ዓይኔ ይሆን ብዬ እንደገና አምስት… ያው ነው።

ቤት ተመልሼ የአፈሙዙን ከንፈር በአጉሊ መነጽር አየሁት። ክብ አይደለም፤ እንቁላል መስሏል። የጀርሜን አባት ከመጠን በላይ ንጹሕ ሰው ነበር፤ ባደነም ባላደነም በየሳምንቱ በብረት ዘንግ ይጠርገዋል፣ ከፊት በኩል። ዘንጉ ከንፈሩን ፈግፍጎ ጨረሰው። ጀርሜንም ከአባቷ ያየችውን ነው ያደረገችው። ሁለቱም መንከባከባቸው ነበር።

ከንፈሩ ክብ ካልሆነ ጥይቱ አይቀናም፤ ስለዚህ መቆረጡ አይቀርም። ይህን ሳይ ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ለሬጂስ የምመልሰውን ሁሉ እያሰብኩ ሃያ ኢንች ላይ በሰማያዊ ቀለም ምልክት አደረግኩ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እንዲህ በሚበትን ጠመንጃ ጀርሜን አንድ ጊዜ እንኳ ስታ አታውቅም። እንዴት? ቀርቦ እስኪመጣ ትጠብቀው ነበር? ስንት እርምጃ ድረስ? ጠይቄያት አላውቅም።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 2

ጠመንጃውን በሞርሳው መንጋጋ አጥብቄ አሰርኩት። የብረት መጋዙን፣ ሴጌቶውን፣ አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 5

ኑዛዜ ሄድኩ።

«አባ፣ በትዕቢት በድያለሁ።»

«በምን ነገር?»

«በጠመንጃ አፈሙዝ ርዝመት።»

ከመጋረጃው ወዲያ ሳቃቸውን እየዋጡ መሰለኝ።

«ስንት ነው የምትለው?»

«ሃያ።»

«የኔ ሃያ ሁለት ነው» አሉ አባ ፔሎኪን። አዳኝ መሆናቸውን ረስቼው!

ሁሉንም ነገርኳቸው። ምልክቱን ከሃያ ላይ ያደረግኩት ለኮሌት ይሁን ለስሜ እንደማላውቅ። ሴጌቶውን ባነሳሁ ጊዜ ያየሁት የልጄን ፊት ሳይሆን የሬጂስን ፊት እንደነበር። ከተቆረጠ በኋላ መልሼ ልቀጥለው አልችልም፤ የእናቷ የሆነ ሌላ ጠመንጃ ደግሞ የለም።

«ሦስት ጊዜ ሰላም ለኪ ድገም» አሉ። «ሌላም አለ። ከልጅህ ጋር ጫካ ግባ። እሷ ከፊት፣ አንተ ከኋላ። እስከ እኩለ ቀን አንዲት ቃል አትተንፍስ።»

«ጠዋቱን ሙሉ?»

«ንስሐ እኮ ነው፣ ኦቪላ።»

ሰላም ለኪዋን እዚያው ጨረስኩ። ያቺኛዋ ናት የከበደችኝ።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12

ይህን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ስዘጋጅ ነበር። ንስሐውን ለብቻው ከምፈጽም ሥራም ልሥራበት ብዬ። አራት የመጥረጊያ እጀታ ወሰድኩ። አንዱን የጀርሜን ጠመንጃ ከነሰደፉ የሚያህል አደረግኩት፤ ሌሎቹን አፈሙዙ ሃያ አራት፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ቢሆን የሚኖረውን ያህል። እርሳስ አሰርኩባቸው፣ ክብደታቸው እንዲመጣ። ጫፋቸውን ደግሞ ማሽን ቤት ብረት ላይ መስመር ለማውጣት የምንቀባውን ሰማያዊ ቀለም ቀባሁ። ሳይደርቅ ቅርንጫፍ የነካው ቦታ ይጠረጋል። ማን ስንት ጊዜ እንደተጋጨ ቀለሙ ይናገራል። በራሴ ኮራሁ። (ይኸው እንደገና።)

ሐሙስ ዕለት ባለሃያዋን ይዤ ብቻዬን ሞከርኩት፤ ከድልድዩ ድሮ የዛፍ ጭማቂ ተፈልቶ ስኳር ይወጣበት እስከነበረው ጎጆ፣ ጥቅጥቅ ባለው ጥድ ውስጥ። ቀለሙ ግማሽ በግማሽ ተላጠ። ምንም አይደል፣ ባለሃያ ስድስቱማ ሙልጭ ብሎ ይወጣል አልኩ።

ዛሬ ኮሌት ረጅሟን አንስታ ገባች። እኔ ከኋላ፣ አፌን ዘግቼ።

ሦስት እርምጃ ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ጥዱ ሲጠብ ዱላዋን ደረቷ ላይ ታቆምና በትከሻዋ ትገባለች፤ ቅርንጫፉን በእጇ ይዛ ቀስ ብላ ትለቀዋለች፣ እኔን እንዳይመታኝ። ከዚያ እንደገና ትቆማለች። ስንት ጊዜ «ቶሎ በይ» ልል አፌን ከፈትኩ! ስንት ጊዜ ዘጋሁት! አንዲት ጅግራ እግሯ ሥር ሆና ሳትበር አየቻት። እኔ ባለፍኩበት ጅግራ ተቀምጣ አታውቅም።

ጎጆው ጋ ደርሰን ቀለሙን አየሁት። ሁለት ጭረት። ሁለት ብቻ! ከረጅሟ ላይ!

«ያንተ የትኛው ነው አባ?» አለች።

መናገር አልችልም። የሐሙስ ዕለቷን፣ ግማሽ የተላጠችውን፣ ጎጆው ጥግ ካቆምኩበት አንስቼ ሰጠኋት። አየቻት። እኔን አየችኝ። ከዚያ ግንድ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ።

«በአጭሯ? አንተ፣ 'ሃያ'? ወይኔ አባ… ጥዱን ልትገፋው ነው እንዴ የምትገባው?»

የእኩለ ቀኑ ደወል ከሩቅ ተሰማ። መናገር ተፈቀደልኝ።

«ማን አስተማረሽ?»

«እማዬ ናታ። ልጅ ሆኜ ዓሣ ልናጠምድ ወደ ጅረቱ ስንወርድ። ያንን ረጅም የማጥመጃ ዘንግ ይዤ ቁጥቋጦው ውስጥ። 'ዘንጉን አትግፊው፣ አንቺ እለፊና አስከትዪው' ትለኝ ነበር።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

«ሥራ ነበርክ፣ አባዬ።»


እሑድ፣ ኦክቶበር 13

ቅዳሴ ላይ ሐሳቤ አልተሰበሰበም።

አንድ ዘመን፣ ከሃያ ዓመት በፊት ይሆናል፣ ጀርሜንን «ይህን ጠመንጃሽን ላሳጥርልሽና አብረን ዱካ እንከተል» ብያት ነበር። ድንች እየላጠች ነበር። «እሱ አይደለም የረዘመው ኦቪላ፤ አንተ ነህ የምትቸኩለው» አለችኝ። ሳቅሁ። ሬጂስ ጎጆ ሄጄ እንደ ቀልድ አወራሁት፤ ሁሉም ሳቁ።

ፖም ዛፎቹ ጥግ የተቀመጠችው ጠመንጃው ስለረዘመባት መስሎኝ ነበር። እኔን መከተል ስላልፈለገች ይሆን? መንገድ ላይ ሁልጊዜ እኔ ነኝ ቀዳሚ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ በሩን ልከፍትላት ብዬ እቀድማታለሁ። አርባ አንድ ዓመት ከኋላዋ ሄጄ አላውቅም። አረማመዷን ትናንት ነው ያየሁት፣ በልጄ እግር።

አዝኜ ነው የምጽፈው? አዎ። ግን ደግሞ… ሁለት ጭረት ብቻ! ደረቴ ይሞላል።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 19

ቆረጥኩት።

የተበላው ክፍል ወደ ውስጥ ሦስት ሩብ ኢንች ያህል ገብቷል፤ መለኪያ ሦስት ጊዜ አስገብቼ አረጋገጥኩ። አንድ ኢንች ይበቃል። ሃያ አምስት ይቀራል። የሃያውን ምልክት በቤንዚን ጠርጌ አጠፋሁት።

አማትቤ ቶርኖው ላይ አሰርኩት። ቢላዋውን በጣም ቀስ አድርጌ ሰደድኩ። ከንፈሩን አዲስ አወጣሁለት፤ ክብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ጽዋ አፍ። የፊት ማነጣጠሪያውን ወደኋላ አንድ ኢንች አምጥቼ ገጠምኩ። ከጠዋት እስከ ማታ ፈጀብኝ። ወጣት ሳለሁ እንኳ እንዲህ ያለ ሥራ አልሠራሁም። እውነት ስለሆነ ነው የምጽፈው፤ ስለዚህኛው ኑዛዜ አልገባም።


እሑድ፣ ኦክቶበር 20

ከቅዳሴ በኋላ አሸዋው ጉድጓድ። ኮሌት ተኮሰች። አምስቱ ጥይት በመዳፌ ስር ተሸፈኑ።

ሬጂስ ሳይጠራ መጥቶ ነበር። ጠመንጃውን ተቀብሎ በሜትር ለካው። እንደገና ለካው።

«ሃያ አምስት? ሃያ አምስት ኢንች የሚሠራ ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«የትኛውም ፋብሪካ አይሠራም!»

«ኮሌትንም ፋብሪካ አልሠራትም።»

የተቆረጠችውን ቁራጭ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት፤ የአባቱ ናት። አገላብጦ አያት፣ በውስጧ ወደ ሰማይ አጮለቀ። ከዚያ ከቁልፎቹ ጋር አሰራትና «ሃያ አምስት!» እያለ ሄደ።


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16

አደኑ ተከፈተ። በረዶ የለም፣ ቅጠሉ ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ማንም ምንም አላየ።

ማታ ሬጂስ ጎጆ ሆነን በላን። ግድግዳው ላይ የሸሚዝ ጭራዎች በምስማር ተሰቅለዋል። ተኩሶ የሳተ ሰው የሸሚዙ ጭራ ይቆረጥና ከነስሙ እዚያ ይሰቀላል፤ ሕጉ ከአያቶቻችን ጀምሮ ያው ነው። የሬጂስ ሦስት አለ። የጀርሜን የለም። የኔም የለም። ኮሌት አንድ በአንድ ስታነብ አየኋት። የእናቷን ስም ፈልጋ ስታጣ ፈገግ አለች።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 19

ሳትኩ።

ብቻዬን ነበርኩ። ትልቅ ወንድ አጋዘን አርባ እርምጃ ላይ ከጥዱ ተነሳ። ጠመንጃዬን በጥድፊያ ወደፊት ሳዞረው ጫፉ ቅርንጫፍ ነካ፤ ያ አጭሩ፣ ያ የማይነካው! ጥይቱ በርች ዛፍ ውስጥ ገባ። ደም ይኖር እንደሆነ ብዬ የአጋዘኑን ዱካ ሩቅ ድረስ ተከተልኩ፤ ጠብታ የለም። ንጹሕ ስህተት።

መደበቅ እችል ነበር። ማታ ሬጂስ ጎጆ ሄጄ ነገርኳቸው።

ሬጂስ መቀሱን ይዞ እየጨፈረ መጣ። «ና ወዲህ፣ ሃያ! ዞር በል! ይህን ቀን ሳላይ እንዳልሞት ስጸልይ ነበር!»

ኮሌት ከሥራ በቀጥታ መጥታ ነበር። «አጎቴ ቆይ። ይኼ ሸሚዝ እማዬ የሰፋችው ነው። ሌላ ይቀይር።»

ሬጂስ መቀሱን ዝቅ አደረገ። «ይቅር» አለ ቀስ ብሎ። «ይቅር በቃ።»

«ቁረጥ» አልኩት።

«ኦቪላ…»

«ቁረጥ። ዝንፍ እንዳይል ግን። ስፌቱን እንዳትነካ።»

ቆረጠ። እኔ ራሴ ሰቀልኩት። ስሜ ከበላዩ ተጻፈ፤ ከጠርዙ ግን የጀርሜን ስፌት አለ፣ ድርድር ብሎ፣ አንዲት ክር ሳትዛነፍ። ከዚያ ግድግዳ ላይ ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነው።


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 23

ሌሊቱን አራት ጣት በረዶ ጣለ። ጠመንጃዬን ቤት ተውኩ። ገመድ፣ ትኩስ ሻይና መቁጠሪያዬን ብቻ ያዝኩ። ኮሌት ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

ጎህ ሲቀድ ከድልድዩ በላይ ዱካ አገኘች። ሰፊ፣ ጠለቅ ያለ፣ ብቻውን የሚሄድ። ወንድ ነው። ልነግራት ፈለግኩ፤ እሷ ቀድማ ሁለት ጣቷን ጭንቅላቷ ላይ ቀንድ አድርጋ አሳየችኝ።

ሦስት እርምጃ፣ ማቆም። ሦስት እርምጃ፣ ማቆም። እግሬ በረደ። አንድ ቦታ ዱካው ወደ ኮረብታው ሲታጠፍ እኔ ብሆን አቋርጬ እሮጥ ነበር። እሷ ቆመች። ብዙ ቆመች። አንድ ዙር መቁጠሪያ ጸልዬ ጨረስኩ።

ከዚያ ጥዱ ውስጥ አንድ ጆሮ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ያየሁት እኔ አይደለሁም።

ረጅሙ አፈሙዝ በሁለት ዛፎች መካከል ቀስ ብሎ ወጣ፤ አንዲት የበረዶ ፍንጣሪ እንኳ ሳያረግፍ። ቆመ። ምንም ሳይወዛወዝ ቆመ። ያ ርዝመት ለዚህ ነበር እንዴ፣ እንዲህ እንዲረጋ? አጋዘኑ ራሱን አዞረ፣ ቀንዱ ታየ፣ ጎኑን ሰጠ። ተኮሰች። አንድ ጊዜ።

ስድስት እርምጃ ሮጦ ወደቀ።

የጠመንጃውን ጥይት አውጥታ በረዶው ላይ ተንበረከከች። ባርኔጣዬን አውልቄ አጠገቧ ተንበረከክሁ። ለፈጠረው አመሰገንን። ስታለቅስ ነበር፤ እኔም።

ከቆመችበት አጋዘኑ ቆሞ እስከነበረበት ቆጠርኩ። ሃያ ስምንት እርምጃ። ጀርሜን አንድ ጊዜ እንኳ ያልሳተችበት ምክንያት ይኸው። ሴፕቴምበር ላይ የጠየቅሁት ዛሬ ተመለሰልኝ።

የታደነ አጋዘን የሚመዘገብበት ሱቅ ወስደን ስንመዝነው መቶ ሰባ አንድ ፓውንድ ሆነ። ባለሱቋ መዝገቡን ገልጣ፣ «እህ ኦቪላ፣ አሁንም አንተ ነህ?» አለች።

«እኔ ገመድ ጎታች ነኝ። ጻፊ፦ ኮሌት ሬንቪል።»

«በማን ጠመንጃ?»

ኮሌት አየችኝ። «የራሷ ነው» አልኩ።

ሬጂስ ከኋላ ቆሞ ቁልፎቹን ያንቀጫቅጭ ነበር። «ሃያ አምስት ኢንች» አለ ለሰው ሁሉ፣ እሱ የሠራው ይመስል። «ለጫካ ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም አያስፈልግም!»


ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 7

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሬጂስ ነው። የራሱን ረጅም ጠመንጃ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዟል፣ የተሰረቀ ዕቃ ይመስል።

«ለማንም እንዳትናገር።»

«ምኑን?»

«ትከሻዬ ደክሟል። ጫካውም ጠቦብኛል። ወደ ሃያ ቁረጥልኝ።» ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ፣ «በል ሳቅ፣ ተራህ ነው።»

አልሳቅሁም። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነበር፤ ሲመጣ ግን ሬጂስ ሽማግሌ መሆኑን ብቻ ነው ያየሁት። ጠመንጃውን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ሴጌቶውን አልነካሁም። እንጨቶቹንና የሰማያዊ ቀለሙን ጣሳ አወረድኩ።

«ጫማህን ጠበቅ አድርገህ እሰር። ጫካ እንገባለን።»

«በዚህ ብርድ? ቆርጠህ አትሰጠኝም?»

«አረማመድህን ሳላይ አልቆርጥም። አንተ ቅደም።»

«አንተ? ከኋላ?»

«ከኋላ።»

ረጅሟን ዱላ ይዞ እያጉረመረመ ገባ። አርባ ዓመት አብረን አድነናል፤ ሬጂስን ከጀርባው ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ግራ እግሩን ይጎትታል። አላውቅም ነበር። ጥዱ ሲጠብ ደግሞ ቆም ይልና ዱላውን ደረቱ ላይ ያቆማል፣ ልክ እንደ እህቱ።

እስከ እኩለ ቀን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ማንም አላዘዘኝም።